ጎማ ወይስ ፖሊ? ስለ ጎሚኒ ለጠየቃችሁኝ

ጎሚኒን (በመኪናው እግር ብረቶች መገጣጠሚያ ላይ የሚገባውን የጎማ ትራስ) በፖሊ (ፖሊዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ በተሠራው) ስለመቀየር የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በርክተውብኛል። ከጎንደር ሰው ይህ ጥያቄ ቢመጣ ተገቢ ነው። የከተማው ውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ይበዛዋል፤ በቆላድባ በኩል ክረምቱን ሙሉ የዋልካ ጭቃ አለ፤ ወደ መተማ የሚወርደው ከሙቀትና ከጭነት ጋር ይታገላል፤ ከደባርቅ አልፎ ወደ ሳንቃበር የሚወጣውን ደግሞ ጠጠርና ድንጋይ ይጠብቀዋል። ያን ሁሉ ምት ከጎማው ቀጥሎ የሚቀበለው ጎሚኒው ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለእርሱ ብቻ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ2008 ሞዴል ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ቪጎ እነዳለሁ። በምርት ጊዜ ከሸኸዲ ሰሊጥ ጭኜ ወደ ጎንደር አመጣለሁ። አሁን ኮብልስቶን ላይ ከፊት በኩል ኳ ኳ ይላል፤ ፍሬን ስይዝም መሪው ወደ ግራ ይጎትተኛል። ጋራዥ ወስጄው «ጎሚኒው በሙሉ አልቋል፤ ሁሉንም በፖሊ ቀይረውና ዕድሜ ልክህን እረፍ» አሉኝ። መለዋወጫ ቤት ስሄድ ቀይና ቢጫ አሳዩኝ፤ ቀዩ ጠንካራ ነው ይላሉ። የትኛውን ልግዛ? (ሹፌር፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀለሙን ለጊዜው ተወው። ቀዩም፣ ቢጫውም፣ ጥቁሩም ፋብሪካው ፖሊውን ቅርጽ ውስጥ ሲያፈስ የሚጨምረው ማቅለሚያ ነው። አንዱ ፋብሪካ ለስላሳውን ቢጫ ያደርገዋል፤ ሌላው ያንኑ ቢጫ ለጠንካራው ይጠቀምበታል። መጠየቅ ያለብህ የጥንካሬ ቁጥሩን ነው። «ሾር ኤ» በሚባል መለኪያ ይለካል፤ ከ0 እስከ 100 ይሄዳል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው የጎማ ጎሚኒ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ፖሊው ከ70 ጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ 95 ደርሶ የሚሠራው ለውድድር መኪና የታሰበ ነው፣ ላንተ አይሆንም። ሻጩ ቁጥሩን ካልነገረህ፣ ካርቶኑም ላይ ካልተጻፈ፣ ወደ ሌላ ሱቅ ሂድ።

«ፖሊ» የሚለው ስም ብቻውን ለጥራት ዋስትና አይሆንም። ፖሊዩሬቴንን ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 ነው የሠሩት፤ ዛሬ የፍራሽ ስፖንጅም የጫማ ሶልም ይሠራበታል። ለመኪና ከሚሠራውም ውስጥ እርጥበት ቀስ በቀስ የሚያፈርሰው ዓይነት አለ፣ ውኃን የሚቋቋምም አለ። ጥሩ ፋብሪካ የሠራው ፖሊ ሲገዛ የራሱ ግራሶ በትንሽ ከረጢት አብሮት ይኖራል፤ አገጣጠሙን የሚያሳይ ወረቀትም፣ ለየትኛው መኪናና ለየትኛው ቦታ እንደተሠራ የሚገልጽ ቁጥርም አለው። በላስቲክ ተጠቅልሎ እንደ ብሎን በፍሬ የሚቸረቸረውን አልመክርህም።

አሁን ወደ ኳኳታው። ከጎሚኒ መምጣቱን ያረጋገጠልህ አለ? በዝግታ ስትነዳ ኮብልስቶን ላይ የሚሰማ ቀጭን ኳ ኳ ብዙ ጊዜ የስታቢላይዘሩ (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳይጋደል የሚይዘው ዘንግ) ማያያዣ ወይም ቴስቲኒው (የኳስ መገጣጠሚያው) ነው። የስታቢላይዘሩን ማያያዣ ከሁለቱም በኩል አስፈታና እዚያው ሰፈር ውስጥ በጣም ቀስ ብለህ ንዳው። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛውን አገኘኸው፤ የሚያስወጣህም ትንሽ ገንዘብ ነው። ካልጠፋ መልሰህ አሳስረውና ወደ ብራቾው፣ እግሩን ከሻንሲው ጋር ወደሚያያይዘው ክንድ፣ እለፍ። ወፍራም የብረት ዘንግ በብራቾውና በሻንሲው መካከል አስገብቶ ገፋ ማድረግ ነው። ጎማ በተፈጥሮው ሲገፋ ትንሽ ይለመጣል፤ ያ ጤንነቱ ነው። ላዩ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ማየትም ገና ለመቀየር አያበቃም። ጎማው ከመሃሉ ቱቦ ተላቆ ክፍተት ከታየ ወይም ብረት ብረትን ከነካ ግን አልቋል። ፍሬን ስትይዝ ወደ ግራ መጎተቱ የታችኛው ብራቾ ጎሚኒ እንዳለቀ ሊያመለክት ይችላል፤ ሆኖም የአንዱ ጎን ፍሬን ተጣብቆ ሲይዝም እንዲሁ ያደርጋል። ፍሬኑ ሳይታይ ጎሚኒ መግዛት የለብህም።

የጎማ ጎሚኒ እንዴት እንደሚሠራ ካወቅህ የምርጫው ግማሽ ያልቃል። መሃሉ ላይ የብረት ቱቦ አለ፤ ውጭው ላይ የብረት ቀለበት አለ፤ ጎማው በሁለቱ መካከል ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ብሎኑ ሲጠብቅ የመሃሉን ቱቦ ከሻንሲው ጋር ይቆልፈዋል። ብራቾው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ቱቦው አይዞርም፤ የሚጠመዘዘው ጎማው ራሱ ነው፣ ተጠምዝዞም ይመለሳል። ወደ ጎንም፣ ወደ ፊትም፣ በማዕዘንም ትንሽ ትንሽ ይለመጣል። ፖሊው ግን ከመሃሉ ቱቦ ጋር አልተጣበቀም፤ በቱቦው ዙሪያ በግራሶ እየተንሸራተተ ይዞራል። ቀጥ ብሎ በመዞር ከጎማ ይበልጣል፤ በማዕዘን ጣመም በል ሲሉት ግን እምቢ ይላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ የምትጠይቀው ይህን ነው፦ እዚህ ያለው ብረት ይዞራል ወይስ ይጣመማል?

በዚህ ዓይን ቪጎህን እንየው። የስታቢላይዘሩን ጎሚኒ ያለ ስጋት በፖሊ ቀይረው። ዘንጉ እዚያ ውስጥ ሥራው መዞር ብቻ ነው፤ ጎሚኒውም ለመግባት ፕሬስ አይፈልግም። የዘንጉን ውፍረት ግን በካሊፐር አስለካ። አንድ ሚሊሜትር የሰፋ ፖሊ ያንኳኳል፤ የጠበበው ዘንጉን አንቆ ይይዘዋል። የኋላው ባሌስትራ (የተደራረበው የብረት ዝርግ ሞላ) ማንጠልጠያ ላይም ፖሊ ጥሩ ነው። ሰሊጡን ስትጭን ባሌስትራው ይዘረጋል፣ ማንጠልጠያው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ስታራግፍ ይመለሳል፤ እንቅስቃሴው በአብዛኛው መዞር ነው። ናፍጣና ዘይት የሚንጠባጠብበት ጎማ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ይፈርሳል፤ ፖሊው ይህን ይችላል። የመተማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ቢያልፍም ፖሊን አያስፈራውም። 80 ቁጥር ይበቃሃል።

የባሌስትራውን የፊት ጆሮ፣ ማንጠልጠያ የሌለበትን ማለቴ ነው፣ እኔ ብሆን በጎማ እተወዋለሁ። እዚህ ላይ የማይስማሙኝ የሙያ ጓደኞች አሉ። ነገር ግን አንዱ የኋላ እግር ጉድጓድ ሲገባ ባሌስትራው ይጣመማል፤ የኋላው አክስል መንጭቆ ሲነሳም ጉልበቱ የሚያርፈው እዚያ ጆሮ ላይ ነው። ጎማው ያን ይውጠዋል። ፖሊው ሳይቀንስ ወደ ሻንሲው ያስተላልፈዋል፤ የጭነት መኪና ሻንሲ ደግሞ ያለዚያም ብዙ ይሸከማል።

የፊቱ የታችኛው ብራቾ ጉዳይ የምርጫ ጉዳይ ነው። ጥሩ ፖሊ ቢገባ መሪው ይሰላል፣ ፍሬን ስትይዝም መኪናው ቀጥ ይላል። በልዋጩ እያንዳንዷ ድንጋይ መሪህ ላይ ትሰማሃለች። ከሸኸዲ ጎንደር ድረስ እጁን መሪ ላይ አድርጎ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኦሪጅናሉን ጎማ ካገኘህ እርሱን አስገባ። ወደ ሱቅ ስትሄድ የሻንሲ ቁጥርህን ይዘህ ሂድ፤ «የቪጎ» ብቻ ብለህ አትጠይቅ፤ ሞዴሉ በተለያየ ዓይነት ስለተሠራ ጎሚኒውም ሊለያይ ይችላል። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ብራቾ ከነጎሚኒው ተገዝቶ ሲመጣም አይቻለሁ። ብረቱ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ያለው ጎማ ግን ያገለገለ ነው፤ መልሰህ መቀየርህ አይቀርም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመካኒክህ አንብብለት። አዲስ የጎማ ጎሚኒ በጥቂት ወራት የሚቀደደው ብዙ ጊዜ በአጠባበቁ ነው። መኪናው ክሪክ ላይ ሆኖ፣ እግሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። ያኔ የመሃሉ ቱቦ በዚያ ቦታ ተቆለፈ። መኪናው ሲወርድ ብራቾው ወደ ላይ ይነሳል፤ ጎማውም ገና ሳይነዳ ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆሞም ተጠምዝዟል፣ ሌሊትም ተጠምዝዟል፤ ጉድጓድ ሲመታ ከመጠኑ ያልፍና ይቀደዳል። ትክክለኛው አሠራር ብሎኑን በእጅ ያህል አስገብቶ መተው፣ መኪናውን በጎማው መሬት ላይ ማሳረፍ፣ ፊቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭኖ ማወዛወዝ፣ ከዚያ ከሥር ገብቶ ማጥበቅ ነው። ጉድጓድ ወይም መወጣጫ ያለው ጋራዥ ምረጥ የምልህ ለዚህ ነው። ፖሊ ስለሚዞር በዚህ በኩል አያስቸግርም፤ እርሱ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፣ ወደ ቀጣዩ ደብዳቤ አቆየዋለሁ።

አንድ ነገር ረስቼ እንዳልዘጋ፦ የታችኛው ብራቾ ብሎኖች ላይ ማስተካከያ ቀለበት አለ። ከመፈታቱ በፊት የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርግበት። ከዚያም ቢሆን አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ሳታስደርግ ወደ መተማ አትውረድ፤ የፊት ጎማህን በውስጥ በኩል ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ቪትዝ አለኝ፣ አዘዞ ነው የምኖረው። የፊት ብራቾውንና የስታቢላይዘሩን ጎሚኒ በፖሊ ካስቀየርኩ ወዲህ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ባለፍኩ ቁጥር ሲጥ ሲጥ ይላል። ዝናብ በዘነበ ቀን ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ጋራዥ ስመልሰው ዘይት ይረጩበትና ለሁለት ቀን ዝም ይላል። ተማሪዎቼ መምጣቴን በድምፁ ነው የሚያውቁት። ፖሊው የማይረባ ነው ማለት ነው? (መምህርት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እህቴ፣ በሽታውን ራስዎ አግኝተውታል። እርጥብ ሲሆን የሚጠፋ ድምፅ የደረቀ ፖሊ ድምፅ ነው። በቱቦውና በፖሊው መካከል ግራሶ የለም ወይም አልቋል፤ ፖሊው ብረቱን ይዞ ቆይቶ ድንገት ሲለቀው ነው የሚጮኸው። ከውጭ የሚረጭ ዘይት ወደ ውስጥ አይደርስም፤ የአዘዞን አቧራ ግን ሰብስቦ ይይዛል፣ ያ ደግሞ ቱቦውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ይፈታ፣ ቱቦውም ፖሊውም በደንብ ተጠርገው ይድረቁ፣ የሲሊኮን ግራሶ በውስጥም በጎንም ተቀብቶ ይመለስ። ለኩሽኔታ የሚቀባው ተራ ግራሶ በውኃ ቶሎ ይታጠባል። የሲሊኮኑን ካጡ ከፖሊው ጋር መጥቶ የነበረው ከረጢት የት እንደደረሰ ጋራዡን ይጠይቁ፤ ሳይከፈት ተጥሎ ማግኘት የተለመደ ነው። መኪናዎን ላቫጆ ሲያሳጥቡም በኃይል የሚረጨውን ውኃ ጎሚኒው ላይ እንዳያነጣጥሩት ይንገሯቸው።

በሚፈታበት ጊዜ ሁለት ነገር ይታይልዎ። አንደኛ፣ የመሃሉ የብረት ቱቦ ከፖሊው ያጠረ መሆን የለበትም። ካጠረ ብሎኑ የሚጨምቀው ብረቱን ሳይሆን ፖሊውን ነው፤ የተጨመቀ ፖሊ አይዞርም፣ ቢቀባም ይጮኻል። ሁለተኛ፣ አሮጌው የውጭ ቀለበት ጉዳይ አለ። አንዳንዱ ፖሊ አሮጌውን ቀለበት ውስጡ እንዲተዉለት ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ቀለበቱ ወጥቶ በባዶው ብራቾ ውስጥ ነው የሚገባው። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ቀለበቱ መውጣት ካለበት በፕሬስ ይውጣ፤ እምቢ ካለ በሴጌቶ በጥንቃቄ ይሰንጠቅ፣ የብራቾውን ብረት ሳይነካ። በኦክስጅን የሚያቃጥሉ አሉ። ጎማ ሲቃጠል ጭሱ መጥፎ ነው፤ ፖሊ ሲቃጠል ደግሞ መርዝ ነው፣ ሳያናይድ ያለበት ጋዝ ይወጣዋል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ይህን የሚሠራ ልጅ ካዩ እባክዎ ያስቁሙት።

የቪትዝን የኋላ ጎሚኒ ግን በፖሊ እንዳያስቀይሩ። ኋላው ከአንድ ወጥ የብረት ድልድይ የተሠራ ነው፤ አንዱ እግር ሲነሳ ድልድዩ ራሱ መጣመም አለበት። ጎሚኒውን አውጥተው ቢያዩት ጎማው ውስጥ ክፍት ቦታ ያገኙ ይሆናል። አልተበላሸም፤ ሆን ተብሎ የተተወ ነው፣ በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ በሌላው ጠንካራ እንዲሆን። ፊት ብራቾው ላይ ያለው ትልቁ ጎሚኒም በዚሁ ዘዴ የተሠራ ነበር፤ ድፍን ፖሊ ሲገባበት ያ ልስላሴ ይጠፋል። ከተቀባ በኋላም ንዝረቱ ካስቸገረዎ ያንን ትልቁን ወደ ጎማ ይመልሱት፤ የስታቢላይዘሩ በፖሊ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ወንድምዓለም፣ እንዴት ሰንብተሃል። 80 ሲሪስ ላንድክሩዘር አለኝ፤ ቱሪስት ወደ ስሜን ያደርሳል። ድንጋዩን እንዲያልፍ ሞላውን ቀይሬ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አስፋልት ላይ መሪው ይቅበዘበዛል፤ ከኩርባ ሲወጣም በራሱ አይመለስም። የፊት ክንዱ ላይ የመሃል ቀዳዳው ወደ ጎን የሆነ የፖሊ ጎሚኒ ይገባል፣ ያስተካክለዋል አሉኝ። ልጄ ደግሞ ተው ይለኛል። ማንን ልስማ? (ባለመኪና፣ ከአራዳ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም እውነት አላቸው። መኪናው ከፍ ሲል የፊቱ አክስል ትንሽ ወደ ፊት ይዞራል፤ መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰው ዘንበል ማለት ይቀንሳል። አንቱ የነገሩኝ መቅበዝበዝ እርሱ ነው። መሃሉ ወደ ጎን የሆነው ጎሚኒ ያንን ይመልሳል፤ ለአምስት ሴንቲ ሜትር ከፍታም ይበቃል።

የልጅዎ ስጋት ደግሞ ከዚህ ይመነጫል። በዚህ መኪና ፊት በኩል በየጎኑ አንድ ክንድ አለ፤ እያንዳንዱ ክንድ አክስሉን በሁለት ጎሚኒ ይይዘዋል፣ ሻንሲውን በአንድ። የግራው ጎማ ድንጋይ ላይ ወጥቶ የቀኙ ጉድጓድ ሲገባ ሁለቱ ክንዶች አክስሉን በየፊናቸው ሊጠመዝዙት ይሞክራሉ። መኪናው ያን እንዲያልፍ ያደረገው የእነዚያ ጎሚኒዎች ልስላሴ ብቻ ነው። ጠንካራ ፖሊ ሲገባ ልስላሴው ይጠፋል፤ ወይ ፖሊው ይቀደዳል፣ ወይ ጉልበቱ አክስሉ ላይ ወደተበየደው መያዣ ይሄዳል። አስፋልት ላይ ብቻ ለሚሄድ ሰው አይታወቅም። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጭነቅ ለሚወጣ ግን ይታወቃል፤ እዚያ መያዣ ቢሰነጠቅ በያጅ የሚገኘው ተመልሰው ደባርቅ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ይኸው መሃሉ ወደ ጎን የሆነ ጎሚኒ በጎማ የተሠራም አለ፤ እርሱን ያፈላልጉ። ከጠፋ ቀዳዳውን የሚያዛውር የብረት ሳህን ክንዱ ላይ እየተገጠመ የድሮው የጎማ ጎሚኒ ሳይነካ የሚስተካከልበት መንገድ አለ፤ እኔ ይህን ከፖሊው አስበልጣለሁ። የፖሊውን ነገር ከቆረጡ ደግሞ ለስላሳውን ይምረጡ፣ የሻንሲው በኩል ያለውን ጎሚኒ በጎማ ይተዉት፣ ከእያንዳንዱ የስሜን ጉዞ በኋላም መያዣው ተጠርጎ ስንጥቅ እንዳለው ይታይልዎ። ሲገጠም ጎሚኒው ላይ ያለው የቀስት ምልክት ወዴት እንደሚያይ እዚያው ቆመው ይመልከቱ፤ ተገልብጦ ከገባ መቅበዝበዙ ይብሳል።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ አዘዞ ዶልፊን ሚኒባስ እሠራለሁ። የታችኛውን ብራቾ ከፊት የሚወጥረው ዘንግ ጎሚኒ አልቆብኛል። ቶርኖ ቤት ከከባድ መኪና አሮጌ ጎማ ቆርጠው ይሠሩልኛል፤ ዋጋው እጅግ ርካሽ ነው። ሌላው ደግሞ ከናይለን ልሥራልህ አለኝ። ይሆናል? (የሚኒባስ ሹፌር)

መልስ፦ አይሆንም፤ ሁለቱም። ያ ዘንግ ፍሬን በያዝክ ቁጥር የፊት እግርህን ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚይዘው ነው። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠው ውስጡ ክር አለው፣ ውፍረቱም እኩል አይደለም፤ ቶሎ ይጨመቅና ዘንጉን ልቅ ያደርገዋል፤ ያኔ ፍሬን ስትይዝ መሪው ይነጥቅሃል። ናይለኑ ተቃራኒውን ያደርጋል። ዘንጉ እግሩ በተነሳና በወረደ ቁጥር ማዕዘኑን መቀየር አለበት፤ ናይለን ግን ድርቅ ብሎ ይይዘዋል፣ ዘንጉም እዚያው ጥርሱ ሥር እየታጠፈ እየተመለሰ ይደክምና ይሰበራል። በጣም ጠንካራ ፖሊም እዚህ ቦታ ላይ ይህንኑ ያመጣል። ጀርባህ ተሳፋሪ የሞላ ነው፤ ይህን ጎሚኒ ጎማ፣ አዲስ፣ በመኪናህ ቁጥር የተገዛ አድርገው። የቀኙንም የግራውንም በአንድ ቀን ለውጥ። ዳዶው ከመፈታቱ በፊት ስንት ጥርስ እንደወጣ አስለካና እዚያው ልክ መልሰው፤ ሮንዴላዎቹ (ከጎሚኒው ግራና ቀኝ ያሉት የብረት ቀለበቶች) የተጠመዱበትን አቅጣጫም ያዝ፣ ጎድጓዳው ፊት ወደ ጎማው ነው የሚያየው። ከዚያ አላይመንት አስደርግና ወደ ሥራህ ግባ።